ያልተመለሰው መልስ፦ «አፕ» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ፍጻሜ ከፒያሳ ሲታይ

(ፒያሳ በተዘጋጀ ሕዝባዊ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በመጠኑ የተስተካከለ)



የንግግሬ ርእስ ይፋ በሆነ ጊዜ «የልጆች ፊልም ለእንዲህ ያለ መድረክ ይመጥናልን?» ብለው በቀልድ የጠየቁኝ ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ስለ ሞት፣ ስለ መለየትና ከቤት ስለ መውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ከተረት ነው። በዘመናችን ደግሞ ተረት ነጋሪዋ አያት ብቻ አይደለችም፤ የአኒሜሽን ፊልምም ከጎኗ ተቀምጧል። ስለዚህ ተረት እንዴት እንደሚያልቅ መመርመር ለሥነ ጽሑፍ መምህር የሥራው እምብርት ነው።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። አንዳንድ ታሪክ ሲያልቅ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በደስታችን ውስጥ አንድ የሚጎረብጥ ነገር ይቀራል። እናለቅሳለን፣ ወዲያውም ፈገግ እንላለን፤ ስንወጣ «ወደዳችሁት ወይስ አልወደዳችሁትም?» ብንባል ቁርጥ ያለ ቃል አይወጣንም። ይህ ድብልቅ ስሜት ከምን ይመጣል? የተመልካች ድክመት ነው? የደራሲው ጥበብ ነው? ወይስ ታሪኩ ሳይከፍለው የቀረ ዕዳ ምልክት ነው? እኔ ወደ ሦስተኛው አዘነብላለሁ። ምክንያቴንም በአንድ የአሜሪካ ፊልም፣ በአንድ የአዲስ አበባ ተረትና በምንገኝበት በዚህ ሰፈር አማካይነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሦስት ዓይነት ፍጻሜ

የታሪክ ፍጻሜ በተለምዶ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የደስታ ነው፤ የተለያዩት ይገናኛሉ፣ ክፉው ይቀጣል፣ ሰርግ ይደገሳል። ሁለተኛው የኀዘን ነው። የአማርኛ አንባቢ ለሁለተኛው እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ወዴት እንደሚያደርሰን ገና በርእሱ ይነግረናል፤ እኛም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ተከትለን እስከዚያው እንሄዳለን። መጽሐፉ መራራ ነው ብለን አልተውነውም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ፍጻሜውን አስቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ አዳምጠውታል።

ለልጆች የሚቀርብ ታሪክ ሲሆን ግን ኀዘኑ ብዙ ጊዜ ይታረማል። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1837 ባሳተመው ተረት ውስጥ የባሕሯ ልጃገረድ የወደደችውን ልዑል ታጣለች፤ ልዑሉ ሌላ ያገባል፣ የእርሷም አካል ወደ አረፋነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ የሩቅ ተስፋ ነው። የዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ያንኑ ተረት በአኒሜሽን ሲሠራው ልጅቷን ለልዑሉ ዳራት። ሁለቱም የየራሳቸው አድናቂ አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ታሪክ አይደሉም። ፍጻሜው ሲለወጥ ከመነሻው ጀምሮ ያለው ሁሉ ትርጉሙ ይለወጣልና።

ሦስተኛው ዓይነት ፍጻሜ ከሁለቱም አይመደብም። በሂስ ቋንቋችን ገና የጸና ስም አላገኘም፤ «መራራ ጣፋጭ» የሚሉት አሉ፤ እኔ ለዛሬ «ድብልቅ ፍጻሜ» እለዋለሁ። ስሙ ባይጸናም ስሜቱን ለሀበሻ ማስተማር አያስፈልግም፤ ትዝታ የሚባል ቅኝት ያለው ሕዝብ ነው። ትዝታ የሚያዳምጥ ሰው ሆዱ እየባባ «ድገመው» ይላል። ያጣውን ነገር መልሶ እንደማያገኘው ያውቃል፤ ሆኖም በዜማው ውስጥ ለአፍታ አብሮት ይቀመጣል።

ትዝታ ግን አንድ ታማኝነት አለው፤ የጠፋው ተመለሰ ብሎ አይዋሽም። ፊልም ከዚህ ይለያል። ፊልም የጠፋውን ነገር በዓይናችን ፊት መልሶ ሊያቆመው ይችላል። ድብልቅ ፍጻሜን በሐቀኝነትና በማባበል መካከል የሚያንገዳግደውም ይህ ችሎታ ነው።

ቤቱን በፊኛ ያስነሡት ሽማግሌ

«አፕ»፣ በአማርኛ «ወደ ላይ» ልንለው የምንችለው ፊልም፣ በፒክሳር ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ለእይታ በቃ። ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተር ነው። የዚያ ዓመት የካን ፊልም ፌስቲቫል የተከፈተው በዚህ ሥራ ሲሆን፣ ፌስቲቫሉ በአኒሜሽን ፊልም ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። የኦስካር ምርጥ አኒሜሽንና ምርጥ የፊልም ሙዚቃ ሽልማቶችንም ተቀብሏል። ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ፤ ላያችሁት ደግሞ ላስታውሳችሁ።

ካርል ፍሬድሪክሰን የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው። በልጅነታቸው ኤሊ ከተባለች ደፋር ልጅ ጋር ተዋወቁ፤ አደጉና ተጋቡ። ሁለቱም በደቡብ አሜሪካ የሚገኝ አንድ ታላቅ ፏፏቴ አጠገብ ቤት ሠርተው የመኖር ሕልም ነበራቸው። ኤሊ ገና በልጅነቷ ቤቱን በፏፏቴው አናት ላይ አስቀምጣ ሥላዋለች፤ «የጀብዱ መዝገብ» የምትለውንም ደብተር ጀምራ፣ ወደፊት ለምታደርገው ነገር ባዶ ገጾች ትታለች። ኑሮ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ልጅ አልወለዱም። ለመንገዱ የሚያጠራቅሙት ገንዘብ ዛሬ ለመኪና ጎማ፣ ነገ ለጣራ ጥገና ይወጣል። ኤሊ አርጅታ ሞተች። ከጋብቻቸው ወዲህ ያለው ሁሉ ያለ አንዳች ንግግር፣ በሙዚቃና በሥዕል ብቻ፣ በጥቂት ደቂቃ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ካርልን የምናገኛቸው ብቻቸውን፣ በዚያችው ቤት ውስጥ ነው። በዙሪያዋ ያለው ሰፈር ፈርሷል። ቁፋሮው፣ አቧራው፣ የብረቱ ጩኸት ከብቧታል፤ ትልልቅ ሕንፃዎች እየተነሡ ነው። ቤቷን እንዲሸጡ ይጠየቃሉ፤ እንቢ ይላሉ። አንድ ቀን ከኤሊ ጋር ቀለም የቀቡትን የፖስታ ሣጥን የግንባታ ማሽን ይገጨዋል፤ ሽማግሌው ተቆጥተው አንዱን ሠራተኛ በከዘራ ይመቱታል። ፍርድ ቤት ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንዲገቡ ይወስናል። ሊወስዷቸው በመጡበት ጠዋት ግን ቤቷ በሺዎች በሚቆጠሩ ፊኛዎች ተጎትታ ከመሠረቷ ተነቅላ ወደ ሰማይ ትነሣለች።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሣ። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ አንዲት አረጋዊት እ.ኤ.አ. በ2006 ቤታቸውን በ1 ሚሊዮን ዶላር ለአልሚዎች እንዲሸጡ ቢጠየቁ እንቢ አሉ። የገበያ ሕንፃው ትንሿን ቤት ከብቦ ተሠራ። ሴትዮዋ በ2008 ሲያርፉ ቤቱን ያወረሱት የሕንፃውን ግንባታ በኃላፊነት ይመራ ለነበረውና በሕመማቸው ጊዜ ለተንከባከባቸው ሰው ነው። የፊልሙ ሐሳብ ከዚያ ቀደም ብሎ የተጸነሰ ስለሆነ ከእሳቸው ተወሰደ አይባልም፤ ነገር ግን ፊልሙ ሲወጣ አስተዋዋቂዎቹ በዚያች ቤት ጣራ ላይ ፊኛ አሰሩባት። ካነሣሁት የማይቀር አንድ ቁም ነገር አለው፤ በዓለም ላይ ሽማግሌው ብቻቸውን አይደሉም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ራስል የተባለ ስካውት ልጅ ሳይታሰብ በቤቱ ደጃፍ ላይ ቀርቶ አብሯቸው ይበርራል። ከብዙ መከራ በኋላ ካርል ቤቷን እየጎተቱ ከፏፏቴው አናት ያደርሷታል፤ እንደ ኤሊ ሥዕል ያኖሯታል። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ይገልጣሉ። ባዶ የመሰሏቸው ገጾች ባዶ አልነበሩም። ኤሊ የጋብቻ ዘመናቸውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ለጥፋባቸዋለች፤ በመጨረሻም ስላሳለፉት ጀብዱ አመስግና አዲስ ጀብዱ እንዲጀምሩ ነግራቸዋለች። ለእርሷ ጀብዱ የነበረው ያ ተራ የመሰለ ኑሮ ነበር።

በዚህ ጊዜ ልጁ አደጋ ላይ ነው። ቤቷ ደግሞ ከብዳለች፤ ፊኛው አልቋል። ካርል ዕቃውን፣ ሁለቱን ወንበሮች ሳይቀር፣ አውጥተው ይጥላሉ፤ ቤቷ ቀልላ ትነሣለች። ልጁን ያድናሉ፤ ቤቷ ግን ከእጃቸው አምልጣ በደመና ውስጥ ቁልቁል ትሰወራለች። ልጁ ስለ ቤቱ ማዘኑን ሲገልጽላቸው፣ ሽማግሌው ቤት እኮ ቤት ብቻ ነው የሚል መልስ ይሰጡታል። ወደ ከተማ ተመልሰው፣ አባቱ ባልመጣበት የልጁ የሽልማት ቀን በአባቱ ቦታ ይቆማሉ፤ ኤሊ በልጅነታቸው የሰጠቻቸውን የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ በልጁ ደረት ላይ ይሰኩለታል። ከዚያም መንገድ ዳር ተቀምጠው አይስክሬም እየበሉ የሚያልፉ መኪናዎችን ይቆጥራሉ።

ፊልሙ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ የዛሬው ንግግሬ ላያስፈልግ ይችል ነበር። ግን አንድ ምስል ይቀራል። ደመናው ይገለጣል፤ ቤቷ በፏፏቴው አናት ላይ፣ ኤሊ እንደ ሣለቻት፣ ቆማለች።

የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

ይህን ፊልም ከተማሪዎቼ ጋር በክፍል ውስጥ አይተነው ነበር። መብራቱ ሲበራ ብዙዎቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። በመጨረሻው ምስል ላይ ስንወያይ አብዛኞቹ «የሕልሙ መፈጸም» አሉት። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ቤተሰቧ ከዚሁ ከፒያሳ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወረባት፣ እጇን አነሣችና «ዶክተር፣ ሽማግሌው ቤታቸው የት እንዳረፈ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አያውቁም። ካርል ከተማ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ናቸው። ቤቷ ወደ ደመና ስትሰጥም ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩአት። የት እንዳረፈች የምናውቀው እኛ ነን። ምንም ያልጠፋብን፣ ትኬት ቆርጠን የገባን እኛ ነን መጽናኛውን የተቀበልነው።

እዚህ ላይ ፊልሙ ከራሱ ጋር ይጋጫል። በሽማግሌው አፍ ቤት ቤት ብቻ እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ወዲያውም በመጨረሻው ምስል ይህን አባባል ያፈርሰዋል። ቤት ቤት ብቻ ከሆነ የትም ወድቃ ብትሰባበር ምን ቸገረን? ፊልሙ ግን ያንን ሊያሳየን አልደፈረም። ቤቷን በክብር፣ ቀጥ አድርጎ፣ በተመኙላት ቦታ አስቀመጣት። የድብልቅ ስሜታችን ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ከሽማግሌው ቃል ጋር እንስማማለን፣ በምስሉ ደግሞ እንጽናናለን፤ ሁለቱ ግን አብረው አይሄዱም።

«ሂሳብ»

ይህን ስሜት በራሳችን ቋንቋ ለመግለጽ አንድ የአዲስ አበባ ተረት ይረዳኛል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሂሳቧን በትክክል ከፍላ ወረደች። ፍየል ሳትከፍል ዘልላ አመለጠች። ውሻ ከፈለ፤ ነገር ግን ረዳቱ መልሱን ሳይሰጠው ታክሲው ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አህያ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ንቅንቅ አትልም፤ ዕዳ የለባትምና። ፍየል መኪና ስታይ ትሸሻለች። ውሻ ግን እየጮኸ በየመኪናው ኋላ ይሮጣል፤ መልሱን ይፈልጋልና።

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገውና በኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ተረት መነሻ አድርጎ «ሂሳብ» የተሰኘ አጭር የአኒሜሽን ፊልም ሠርቷል። ርእሱ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ነው። ዕዝራ በሚታወቅበት የአሠራር ዘዴ ሥዕሉን በቀለም ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በዚያው ላይ ደርቦ ሌላ ይሥላል፤ ፊልሙ ከእነዚያ ፎቶዎች ይገጣጠማል። በእንዲህ ያለ ሥራ አዲሱ ሥዕል የሚወለደው ያለፈውን ሸፍኖ ነው። በመጨረሻ ሸራው ላይ የሚታየው አንድ ሥዕል ቢሆንም ከበታቹ የተቀበሩት ብዙ ናቸው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ተረቱ ያስቀናል፤ የሚያልቀው ግን በሳቅ ብቻ አይደለም። ከሦስቱ ተሳፋሪዎች አንዱ ተበድሏል፤ በደሉም እስከ ዛሬ አልተካሰም። ሕዝቡ ይህን ተረት ሲፈጥር ውሻውን አላባበለውም፤ «ኋላ መልሱን አገኘ» ብሎ አልጨረሰም። እየሮጠ ተወው። ጎዳና ላይ በወጣን ቁጥር ተረቱ ገና እንዳላለቀ እናያለን።

በአማርኛ «መልስ» ሁለት ትርጉም አለው። ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ አለ፤ ከተከፈለ ገንዘብ የሚተርፍ መልስም አለ። በድብልቅ ፍጻሜ ፊት የሚቆም ተመልካች ሁለቱንም ይጠይቃል። ተመልካቾችንም በተረቱ መሠረት በሦስት ልመድባቸው እችላለሁ። አህያዋ ተመልካች ሂሳቡ ተዘግቷል ትላለች፤ ኤሊ ደስተኛ ሆና ኖራ እንደ ነበር ካርል አወቁ፣ ልጅ ያልነበራቸው ሽማግሌ ልጅ አገኙ፣ አባት የራቀው ልጅ አባት አገኘ፣ ምን ቀረ? ይህ ንባብ የሚናቅ አይደለም። ፍየሏ ተመልካች ፊኛውንና አስቂኙን ውሻ ብቻ ይዛ ትወጣለች፤ የኀዘኑን ዋጋ አልከፈለችም። ውሻው ተመልካች ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላም ከኋላው ይሮጣል። ከፍሏል፣ አልቅሷል፤ ግን አንድ ያልተመለሰለት ነገር አለ።

ያልተመለሰው ምንድን ነው? አንዱን ተማሪዬ አመልክታናለች፤ ዜናው ለባለቤቱ አልደረሰም። ሁለተኛውን እኔ ልጨምር። ፊልሙ የሚጀምረው በመሬት ጉዳይ ነው፤ አልሚ አለ፣ ማሽን አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ቤቷ ወደ ሰማይ ከተነሣች በኋላ ግን እነዚህ ሁሉ ከታሪኩ ይወርዳሉ። በመጨረሻ የቀረው የአንድ ሽማግሌ የልብ ጉዳይ ነው፤ ከኀዘኑ ይላቀቃል ወይስ አይላቀቅም? የመሬቱ ጥያቄ ወደ ኀዘን ጥያቄ ተለወጠ፤ ኀዘኑ ሲፈወስ የመሬቱም ጥያቄ የተመለሰ መሰለ። ታክሲው መልሱን ይዞ የሄደው እዚህ ላይ ነው።

ፒያሳ

ይህን ንግግር እዚህ የማቀርበው በአጋጣሚ አይደለም። ፒያሳ ከተማዋ ምስል ማየት የተማረችበት ሰፈር ነው። በአዲስ አበባ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር በር ላይ የተሰለፈው የዚያው ሕዝብ ልጅ ነው።

ሰፈሩም ራሱ እንደ ሠዓሊው ሸራ ነው። አራዳ የሚለው የቀድሞው ስም ገበያውን ያስታውሰናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው፤ ፒያሳ የሚለውንም ስም ትቶ ሄደ፤ ትርጉሙ አደባባይ ነው። ሕዝቡ ጣሊያንን አባርሮ ስሙን ግን አስቀረው፤ ይህም ራሱ ድብልቅ ፍጻሜ ነው። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ወቅት የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በወረራው ዘመን ከቦታው ተነሥቶ ተሰውሮ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ስለዚህ ፒያሳ መልስ የሚባለውን ነገር በዓይኗ አይታለች።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚሁ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው መስመር ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ከዓይናችን ተነሡ፤ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ዛሬ ማታ ከዚህ ስትወጡ በሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ትሄዳላችሁ።

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ እንዳላየው እጠነቀቃለሁ። የፈረሱት ቤቶች ሁሉ እንደ ኤሊ ቤት ቀለማቸው የደመቀ አልነበሩም። ብዙዎቹ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣራቸው የዛገ ቆርቆሮ ነበር፤ አንድ መጸዳጃ ቤት ብዙ ቤተሰብ ይጋራ ነበር። ወደ ኮንዶሚኒየም ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ውኃና የራሷን መጸዳጃ ያገኘች እናት ጣፋጩን ቀምሳለች፤ ያንን ሊነጥቃት የሚችል የሥነ ጽሑፍ መምህር የለም። በዚያው ልክ፣ ቡናዋን የሚጠጣላት ጎረቤት፣ ለቅሶዋን የሚደርስላት ዕድር፣ ከበሯ ላይ ሆና የምትቸረችርበት ገበያ የተበተነባት እናትም ያችው ናት። ሁለቱ ስሜቶች በሁለት ሰዎች መካከል የተከፈሉ አይደሉም፤ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ «ደስ ብሏችኋል ወይስ ከፍቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ ለእርሷ የተሳሳተ ጥያቄ ነው።

በእርሷና በካርል መካከል ደግሞ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ካርል ባለቤት ናቸው፤ እንቢ ለማለት ይችሉ ነበር፤ ብለዋልም። በኋላም ቤቷን የለቀቋት በራሳቸው እጅ፣ የሰው ነፍስ ለማዳን ነው። የእኛ ሰፈር ታሪክ ሌላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆነ ወዲህ፣ የመሐል ከተማው ነዋሪ በብዛት የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ ቤቱ ግን የእርሱ አልነበረም። ሦስት ትውልድ የተወለደበትን ቤት «የእኔ» ሊለው የሚችለው በትዝታ እንጂ በካርታ አይደለም። «ቤት ቤት ብቻ ነው» የሚለው ቃል ውብ የሚሆነው ባለቤቱ ራሱ ሲናገረው ነው። ሌላ ሰው ለባለቤቱ ሲነግረው ግን ቃሉ ያው ሆኖ ትርጉሙ ይገለበጣል። መልቀቅና እንዲለቁ መደረግ አንድ አይደሉም።

ተማሪዬ ያንን ጥያቄ የጠየቀችው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እርሷ የፈለገችው የቤታቸው ሥዕል በሰማይ ቤት ቆሞ እንዲታይላት አልነበረም። የጠየቀችው የመረጃ ጥያቄ ነው። የት ደረሰ? ማን ያውቃል? የሚያውቀውስ ለምን ለባለቤቱ አልነገረም?

ታዲያ ያ ምስል ይቅር?

አንዳንድ ተማሪዎች ከውይይቱ በኋላ የመጨረሻው ምስል ባይኖር ኖሮ ፊልሙ የበለጠ ሐቀኛ ይሆን ነበር አሉ። አሳማኝ ነው፤ ለብዙ ጊዜም አስቤበታለሁ። ግን አልስማማም። ያ ምስል ባይኖር የቀረን የሽማግሌው ቃል ብቻ ነበር፤ ቤት ቤት ብቻ ነው የሚለው ፍርድ ያለ ተቃውሞ ይጸና ነበር። ምስሉ ለባለቤቱ ባይደርስም ለቤቷ ይመሰክርላታል፤ ይህች ተራ ዕቃ አልነበረችም ይላል። ስለዚህ ቅሬታዬ ምስሉ በመኖሩ አይደለም። ቅሬታዬ ምስሉን አይተን ሂሳቡ ተዘጋ ብለን በመውጣታችን ነው። እንደ እኔ አስተያየት ያ ምስል መጽናኛ ተብሎ ቢሰጠንም አደራ ሆኖ ነው ሊያዝ የሚገባው። የውሻው መልስ በእጃችን ገብቷል፤ ገንዘቡ ግን የእኛ አይደለም።

አያቶቻችን ተረት ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉ ነበር። በልጅነታችን ዳቦው ላይ እናተኩር ነበር፤ ዛሬ «መልሱ» የሚለው ቃል ይበልጥ ይከብደኛል። ተረት ነጋሪዋ የሰማነውን ይዘን እንድንሄድ አልፈቀደችልንም። የሰማ ሰው ባለዕዳ ነው። በዚህ ልማድ ፍጻሜ ማለት የተናጋሪው ተራ አብቅቶ የአድማጩ ተራ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች፣ በአብዛኛው፣ በፒያሳ ጉዳይ ላይ ተመልካቾች ነን። ፎቶ አንሥተናል፤ ካርታ አይተናል፤ የትኛው ቤት የት እንደ ነበር፣ ማን ምን ይሸጥበት እንደ ነበር የምናስታውስ አለን። ይህ እውቀት ለጥናታችን ይጠቅመናል፤ በጽሑፋችን ውስጥ እናሳምረዋለን፤ ለባለቤቶቹ ግን ስንቱ ይደርሳል? እዚህ ለተገኛችሁ ተማሪዎቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ቤት ያዙ። በዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ካሉበት ድረስ ሄዳችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ቤቱ የት እንደ ነበር፣ በሩ ወዴት እንደሚዞር፣ ጎረቤቱ ማን እንደ ነበር፣ የተወለደውንና የሞተውን ጻፉ። ጥሩውንም መጥፎውንም ጻፉ፤ የሚያፈስሰውን ጣራ አታስውቡት። ስትጨርሱም የመጀመሪያውን ቅጂ ለእኔ አታምጡ። ለነገሯችሁ ሰው ስጡ። ያ ወረቀት ቤቱን አይመልስም፤ ቤቱ ቤት ብቻ እንዳልነበረ ግን በባለቤቱ እጅ ይመሰክራል።

ድብልቅ ስሜት ይዛችሁ ከአንድ ታሪክ ስትወጡ አትፈሩት። ከደስታና ከኀዘን አንዱን ለመምረጥም አትቸኩሉ። የሚጎረብጠውን ነገር በእጃችሁ ዳሱና ይህ የማን መልስ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። የራሳችሁ ከሆነ እንደ ውሻው ሩጡ፤ የሌላ ሰው ከሆነ አድርሱለት።

አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ፤ መልስ የሌለኝንም ጥያቄ ቢሆን ተቀብዬ በዕዳ መዝገቤ ላይ እጽፈዋለሁ።